የአውራ ጣት ማር

የልጅ ልጄ ሜሮን እንግሊዝኛ ስታጠና እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ማር አጣራ ነበር። ከአገሬ ከቁይ የመጣ ማር ነው፤ ሰፈፉ ገና ያልወጣለት። እጄ እስከ አንጓዬ ተለውሷል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። እሷ ደብተሯን ዘርግታ አንድ ነገር ደጋግማ ትላለች፦ «ኒር ኤንድ ዲር፣ ኒር ኤንድ ዲር።»

«ምንድን ነው እሱ? ድግምት ነው?» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «አይ እማማ፣ የእንግሊዝኛ አነጋገር ነው። ኒር ማለት ቅርብ ነው፣ ዲር ደግሞ ውድ። ሰው ቤተሰቡንና የሚወዳቸውን ሲጠራ እንዲህ ይላል። መምህሩ በዓረፍተ ነገር አስገቡት ብሎናል።»

«ሁለት ቃል ለምን አስፈለገ? ቅርብ የሆነ ሁሉ ውድ ነው እንዴ?»

«እኔ እንጃ። አብረው ነው የሚነገሩት፤ አይነጣጠሉም።»

አይነጣጠሉም አለችኝ፣ ለእኔ። እኔ እኮ ተነጣጥለው አይቻቸዋለሁ። አንዱ ጓዳችን ጎተራ ውስጥ ተደብቆ፣ አንዱ መደባችን ላይ ተቀምጦ። እሷ ስለ ፈተናዋ ትጨነቃለች፣ እኔን ደግሞ የማሩ ሽታ ይዞኝ ሄደ።

ጣልያን አገሩን ይዞ የከረመበት ዘመን ነው። ቤታችን ከቁይ ወደ ዲማ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከወንዙ ወዲህ ነበር። ክረምቱ ሲገባ አባቴ ከቤት ታጣ። የት ሄደ ብል እናቴ «ቆላ ወርዷል» አለችኝ። እኔ ቆላ የሚወርድ ሰው የማውቀው በርበሬና ጥጥ ሊያመጣ የሚወርደውን ነው። ስለዚህ በርበሬውን ስጠብቅ ሰነበትኩ። ሰው ሲጠይቅሽ ግን ቆላ ነው እንዳትዪ ተባልኩ። ታዲያ ምን ልበል? «አላውቅም በይ።» እያወቁ አላውቅም ማለት ውሸት ነው ብላ በአርጩሜ ያስተማረችኝ ራሷ እናቴ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ሁሉ ተምታታብኝ፤ እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠራልኝም።

አንድ ቀን ከማዶው መንደር ወፍራም ጭስ ተነሣ። ገለባ የሚያቃጥሉ መሰለኝና ለእናቴ ነገርኳት። «በሐምሌ ማን ገለባ ያቃጥላል?» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። የተቃጠሉት ቤቶች ባሎቻቸው ዱር ቤቴ ብለው አርበኛ የሆኑ ሴቶች ቤቶች ናቸው። እኔ ይህን አላወቅሁም። እናቴ ግን እጄን ይዛ አስገብታኝ በሩን ቀረቀረች፤ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ እኔም ፈራሁ።

በማግስቱ የነፍስ አባታችን አባ ገብሬ መጡ። እኔን ውጪ ተጫወቺ አሉኝ። ልጅን ተጫወቺ ብሎ ማስወጣት ማለት ከግድግዳው ጀርባ ሄደሽ ስሚ ማለት ነው፤ ሄጄ ሰማሁ።

«ግራዝማች እንየው ልጅ የለውም» አሉ አባ ገብሬ። «ይቺን ልጅ የጡት ልጅ አድርጊለት። በጡት የተያያዘ ቤት አይነካም።»

«ለባንዳ?» አለች እናቴ።

«ባንዳም ቢሆን መሐላ ይፈራል። ደግሞ የእኛው ደብር ሰው ነው፣ ከባልሽ ጋር አንድ ወንዝ የዋኘ።»

«ባሌ ሳያውቅ?»

«ባልሽ ሲመለስ የሚገባበት ቤት እንዲያገኝ ነው።»

እናቴ በመጨረሻ «እሺ» ያለችው በጣም በቀስታ ስለነበር አባ ገብሬ ደግመው ጠየቋት።

ግራዝማች እንየው ከወንዙ ማዶ ያለ ትልቅ ቤት ጌታ ናቸው። ሹመታቸው የጣልያን፣ ጠመንጃቸው የጣልያን። ሰው ሲያልፉ ከመቀመጫው ይነሣላቸዋል፤ ካለፉ በኋላ ደግሞ መሬት ላይ እንትፍ ይላል። እኔ የትኛውን ላድርግ ብዬ ግራ ይገባኝ ነበር፤ ተነሥቼ እንትፍ ያልኩ ቀን እናቴ ጆሮዬን ልትቆርጠው ምንም አልቀራት።

ሜሮን እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «የጡት ልጅ ማለት ምንድን ነው?»

ወይ ጉድ፣ ይህንም አታውቅም። በእኛ አገር ያልወለዱትን ልጅ የሚያደርጉት እንዲህ ነው። አባት የሚሆነው ሰው በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ይነክራል፣ ልጅ የሚሆነው ይጠባል፣ መሐላ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ቤቶች መካከል ክፉ ማድረግ የገዛ ሥጋን መብላት ነው። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህ ነው። እኔ ግን የማውቀው ሌላ ነበር፤ የጥጃዋን ነገር።

ያን ዓመት በግንቦት አንዲት ላማችን ወልዳ ሞተች። የጎረቤታችን የእትዬ ስንዱ ላም ደግሞ ጥጃ ሞቶባት ነበር። አባቴ የእኛን ጥጃ አቅፎ ወስዶ፣ ጀርባዋ ላይ ጨው ነስንሶ ለላሟ አቀረባት። ላሟ ጨዉን ስትልስ ጥጃዋ ጡቷ ሥር ገባች። ያደረችውም እዚያው ነው። በሳምንቱ ሄጄ ስጠራት ዘወር ብላ እንኳ አላየችኝም። አለቀስኩ። አባቴ እንባዬን በጋቢው ጠርጎ «በቃ፣ የእነሱ ሆነች እኮ። የጠባችውን ነው የምታውቀው» አለኝ።

እንግዲህ የግራዝማች ቤት ስገባ እኔ ያቺ ጥጃ ነበርኩ።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ ማሩ በእንጨት ዋጭት ቀርቧል። ግራዝማች ሰፊ ሰው ናቸው፤ አውራ ጣታቸው እንደ ማጭድ እጀታ ወፍራም ነው። ነክረው ወደ አፌ አመጡት። እናቴ ከኋላዬ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። ከፈትኩ። ሐሳቤ ማሩን ጉንጬ ውስጥ ይዤ ሳልውጥ ወጥቼ መትፋት ነበር፤ ያልዋጠ አልጠባም ብዬ። ማር ግን ምን ይያዝልሻል፤ ራሱ ቀልጦ ወረደ። ደግሞ ይጣፍጣል። በጣፈጠኝ ልክ አባቴን የምረሳ መሰለኝ።

«ልጄ ናት» አሉ ግራዝማች። «ቤቷን ብነካ እግዜር ይንካኝ።» እናቴም በአባቴ ስም ማለች። «አባ በይኝ» አሉኝ ጎንበስ ብለው። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ትልቅ ሰው ለምን እንደሚያለቅስ አልገባኝም። «አባ» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማደርገው ራሴን መመርመር ሆነ። አባቴ ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ አስታወስኩት። በሬ ሲጠምድ በአፍንጫው ያፏጫል፤ አስታወስኩት። ቆሎ ሲሰጠኝ ሽምብራውን ለቅሞ ለእኔ ነው። ድምፁስ? አንዳንድ ቀን ድምፁ እሺ አይለኝም፤ የግራዝማች ድምፅ ይመጣብኛል። ያን ቀን ምግብ አይበላልኝም፤ እናቴ ወስፋት ነው ብላ ኮሶ ታጠጣኛለች።

ክፋቱ ደግሞ ሰውየው ደግ ነበሩ። በበቅሎ ይመጣሉ፣ ከጣልያን ምሽግ ጋሌጣ የሚባል ደረቅ ብስኩትና ከረሜላ ይዘው። ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ፀጉሬን ይዳብሱኛል፣ የጥርሴን መነቀል ይጠይቃሉ። አንድ ቀን እሾህ ወግቶኝ አገኙኝ፤ ያ ሁሉ ጠመንጃ የታጠቀ ሰው መሬት ተቀምጦ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ በመርፌ ሲነቅልልኝ ግማሽ ቀን ፈጀ። እናቴ ትስቅላቸዋለች፣ ጠላ ትቀዳላቸዋለች። ሲሄዱ ደግሞ የጠጡበትን ዋንጫ በአመድ ትፈገፍገዋለች። ጋሌጣውን እንድበላ አትከለክለኝም፣ ስበላ ግን አታየኝም። ሰውየው ደግ ናቸው ወይስ ክፉ ብዬ ብጠይቃት «ዝም ብለሽ ብይ» አለችኝ።

እትዬ ስንዱ ጠዋት ጠዋት ከእኛ ምድጃ እሳት ጭራ የምትሄድ ሴት ናት። በገል ፍም ይዛ፣ እኔን አንድ ነገር ብላ አስቃኝ ነበር የምትወጣው። ከማሩ በኋላ ቀረች። ዝናብ እየመታት ከሩቅ ቤት እሳት ይዛ ስትመለስ አየኋት። «እትዬ፣ የእኛ እሳት አለ እኮ» ብዬ ጮህኩላት። አልመለሰችልኝም። ልጆቿም ከእኔ ጋር መጫወት ተዉ። ቤታችን የተለከፈ መሰለ። አጠገባችን ያሉት ሁሉ ራቁ፣ ከወንዝ ማዶ ያሉት ሰው ቀረቡ። አባቴ ደግሞ የለም፤ በርበሬውም አልመጣም።

«ታዲያ ኒሩ ማነው፣ ዲሩስ?» አለች ሜሮን እስክሪብቶዋን እየነከሰች።

«ቆይ እንጂ፤ እኔም ያን ጊዜ እሱን ነበር የምጠይቀው።»

ፍልሰታ ገባ። መንደሩ ሁሉ ለቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን በወጣበት ቀትር፣ እናቴ እግሯን አሟት እኔም ከእሷ ጋር ቀርቼ፣ አንድ ሰው በጓሮ በኩል ገባ። ጎፈሬው ግንባሩን ሸፍኖታል፣ ዐይኑ ቢጫ ነው፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነበር፤ እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ።

«የሺ፣ አታውቂኝም እንዴ?» አለኝ ሰውየው።

አላወቅሁትም። ጠባሳውን ልፈልግ ብል ፀጉሩ ሸፍኖታል። ድምፁ የቆላ ወባ፣ የንዳድ ድምፅ ነው፣ ተሰባብሯል። አባቴ መሆኑን የነገረችኝ እናቴ ናት። እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሩ ሠራ፣ ረሳሁት፣ እንደ ጥጃዋ ሆንኩ። ጥግ ይዤ ቆምኩ። ሊስመኝ እጁን ዘረጋ፤ እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

ውኃ እንኳ በቅጡ ሳይጠጣ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ክረምት ስለሆነ ጓዳ ያለው ትልቁ ጎተራ ባዶ ነው። እናቴ አባቴን ደግፋ እዚያ ውስጥ አስገባችው፣ ደበሎ ጣለችበት፣ ክዳኑን ገጠመች። ወደ እኔ ዞራ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ተመልሳ መፍተል ጀመረች። ባዶ እንዝርት ነበር የምታሾረው።

ግራዝማች ገቡ። ወታደሮቹ በሩ ላይ ቆሙ። ያን ቀን ከረሜላ የለም። መደቡ ላይ ተቀመጡና ነይ አሉኝ። ሄድኩ። ፊታቸው ወይቧል፤ ወታደሮቹን አየት አደረጉና ከፍ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

«ሰው ወደዚህ ሲገባ ታይቷል። የሺ፣ አባትሽ የት ነው?»

አሁን ሰው ይህን ስነግረው ብልህ ልጅ ነበርሽ ይለኛል። ምን ብልሃት አለኝ። ጥያቄው ገረመኝ እንጂ። ልጄ ያሉኝ እሳቸው፣ አባ በይኝ ያሉኝ እሳቸው፤ ማሩን የዋጥኩት እኔ። አባቴን ሳየው እንኳ ያላወቅሁት እኔ። ረስተውት ይሆን ብዬ ዐይን ዐይናቸውን እያየሁ መለስኩላቸው።

«አባቴ እርስዎ ነዎት።»

የእናቴ እንዝርት ቆመ።  ከወታደሮቹ አንዱ ሳቀ። ያኔ ከጓዳ ድምፅ መጣ፤ ጥርስ ከጥርስ ሲጋጭ። ንዳድ ምን ዝም ይባላል።

ግራዝማች ተነሡ። ወደ ጓዳ ገቡ። እኔም ተከተልኳቸው፤ እጃቸውን ይዤ ነበር። ጎተራው ይንቀጠቀጣል፣ ከአፉ ላይ ገለባ ይረግፋል። መዳፋቸውን የጎተራው ግድግዳ ላይ ለጠፉት፣ የታመመ ከብት ጎን እንደሚዳሰስ። እንደዚያ ሆነው ቆዩ። እኔ በአንድ እጃቸው ነበርኩ፣ አባቴ በሌላው።

«ባዶ ነው» አሉ ወደ በሩ ጮክ ብለው። «አይጥ ነው የሚያንኳኳው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእናቴ «የልጄ ቤት ጎተራ ባዶ መሆን የለበትም። ነገ እህል እልካለሁ» አሏት። ወጡ። እናቴ የጎተራውን ክዳን የከፈተችው የበቅሎዋ ኮቴ ሲጠፋ ነው።

አባቴ ከጎተራው ሲወጣ ገለባ በገለባ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያ ቃሉ ለእኔ ነው። «ማንን ነው አባቴ ያልሽው?»

 እናቴ ነገረችው፤ ማሩን፣ መሐላውን፣ በስሙ መማሏን።

«ልጄን ለባንዳ አስጠባሽ?»

«አዎ፣ አስጠባሁ። የማዶዎቹ ቤት ዐመድ ሆኗል፣ ያንተ ቆሟል። አሁንም ካለህበት ጎትቶ አላወጣህም። ምን ላድርግ ኖሯል?»

አባቴ በአንገቷ የተጠመጠመውን ነጠላ አንሥቶ ላቡን ጠረገና መልሶ ሰጣት። ቅዳሴው ሳይወጣ፣ ንዳዱ ሳይለቀው፣ በመጣበት በጓሮ ሄደ። እኔን ሳይስመኝ። ወስዶ የሰጣትን ጥጃም ተመልሶ ሳይስማት ነው የኖረው፤ ስለዚህ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። የማለቅሰው ለየትኛው አባቴ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

እህሉ በማግስቱ መጣ። እናቴ ለብዙ ቀን ሳትነካው ቆየች፤ በኋላ ከመቸገራችን የተነሣ ከፈተችው። እያለቀሰች ፈጨች። እኔ በላሁ። ርቦኝ ነበራ።

በጋው እንዲሁ አለፈ። ወደ ፋሲካው ግድም ጣልያን ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ወጣ ተባለ። መንደሩ እልል አለ፣ እትዬ ስንዱ እየዘለለች ስታለቅስ አየኋት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግራዝማች ቤታችን መጡ፤ በእግራቸው፣ ያለ በቅሎ፣ ያለ አጃቢ። መደቡ ላይ አልተቀመጡም። ደጃፉ ላይ መሬት ተቀመጡ። «ልጄን ልያት ብዬ ነው» አሏት እናቴን። ሸሽተው መምጣታቸውን እኔ እንኳ አወቅሁ። እናቴ ውኃ ሰጠቻቸው። ዋንጫውን ሲመልሱ አጥባ ሳታስቀምጠው በእጇ እንደያዘችው ቀረች።

ብዙም አልቆየ፣ ፉከራ ተሰማ። አባቴ ከጓደኞቹ ጋር ነው። ንዳዱ ለቆት፣ ጎፈሬውን ወደ ኋላ አስሮ፤ ጠባሳው ከሩቅ ታየኝ። አልረሳሁትም ነበር። ልሮጥ አልኩ፣ ግን ወደ ማን? የግራዝማች እጅ እጄን ይዟል፤ ያ ትልቅ እጅ።

ከአባቴ ጓደኞች አንዱ፣ ረጅሙ ሰው፣ ጠመንጃውን አቀባበለ። «ይኸው፣ ስንፈልገው የዋልነው ባንዳ። ምን ሊሆን እዚህ ተቀምጧል? አያሌው፣ ምንህ ነው?»

አባቴ መጀመሪያ ግራዝማችን አየ። ከዚያ በተከፈተው በር አሻግሮ ጓዳ ያለውን ጎተራ። ከዚያ እኔን። ጠመንጃው በእጁ ነው። ምን እንደሚል እናቴም አታውቅም ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ደም አወጣች።

«የልጄ አባት ነው» አለ።

«እንዴት ያለ ነገር ነው?»

«በጡት ነው። ሚስቴ በስሜ ምላለች። ለአገሩ ጥፋት ዳኛ ይየው፤ እዚህ ቤት ግን አይነካም።»

ረጅሙ ሰው ተሳደበ፣ አፈሙዙን ግን አወረደ። አባ ገብሬ ተጠርተው መጡ። ዳኛ እስኪቀመጥ ዲማ ገዳም ይቆይ ተብሎ ግራዝማች ጠመንጃቸውን አስረክበው ከእሳቸው ጋር ተነሡ። ሲወጡ አባቴንና እሳቸውን አየኋቸው፤ አልተሳሳሙም፣ አልተነጋገሩም። ራሴን ዳብሰውኝ ሄዱ። እስከ ወንዙ ድረስ በዐይኔ ሸኘኋቸው፤ አባቴ እያየኝ መሆኑን ሳውቅ አፈርኩ።

ቤት ገባን። አባቴ መደቡ ላይ፣ ግራዝማች ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ተቀመጠ። እኔ ጥጌን ይዤ ቆምኩ።

«ነይ እንጂ» አለኝ።

«እሳቸው አባቴ ከሆኑ፣ አንተስ?» አልኩት።

«እኔስ ምን?»

«አንተስ ማን ነህ? የጠባችውን ነው የምታውቀው ብለሃል። ለጥጃዋ። ጠራኋት እኮ፣ ዞራ እንኳ አላየችኝም።» ከዚያ ሁሉም ነገር ተዘረገፈ፤ ማሩን ልተፋ ብዬ መቅለጡ፣ ጠዋት ጠዋት ጠባሳውን ማስታወሴ፣ የመጣ ቀን አለማወቄ።

አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። የሳቀ መስሎኝ ነበር። ሲገልጠው ዐይኑ ቀልቷል። ወደ እናቴ ዞረና «ማር አለ?» አላት።

እናቴ ከጓዳ አመጣች። የቀረው ትንሽ ነበር፤ የገንቦውን ታች በማንኪያ ፋቀችው። አባቴ አውራ ጣቱን ነከረ። ሽማግሌ የለም፣ መሐላ የለም፤ በሩ ላይ ጓደኞቹ ጠመንጃቸውን ተደግፈው ያያሉ፣ ከእነሱ ኋላ እትዬ ስንዱ ባዶ ገሏን ይዛ ቆማለች። ጣቱን ወደ አፌ አመጣው። ማሩ ባሩድ ባሩድ ይል ነበር።

ማንም ሳይቆነጥጠኝ ዋጥኩት።